ከጥይት ወረቀት የተሠራ መልክ

ይድረስ ለወለድሽኝ እናቴ፤ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ እንድልሽ ትጠብቂያለሽ። ጎባ ደህና ሰው የሚያበቅል አገር አይደለም፤ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ጭጋጉ ከደጅ አይነሣም። ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ፤ ወንድሜ ይርጋለም ሲማር በጓሮ ሆኜ የለቀምሁት ነው። መንገድ ላይ ይህን ከፍተህ የምታነብ ካለህ ደግሞ ዓይንህ ይፍሰስ!

የይርጋለምን መርዶ ከሰማሽ ወዲህ ፀጉርሽን ተላጭተሽ መሬት እንደምትተኚ ነገሩኝ። መቃብሩን አላየሁም፣ መልኩን እንኳ አሥለሽ ላኪልኝ ብለሻል። በማን ላሥል? ሠዓሊ የለ፣ ቀለም የለ። እኔው ሠራሁት፣ በወረቀት። በጎሮ በኩል የሚመጡ ነጋዴዎች ስኳር የሚጠቀልሉበት ሰማያዊ ወረቀት አለ፤ ከኋላው እሱን ለጠፍሁ። የኩታውን ጥለት አቡጀዲ ጣቃ ላይ ከምትለጠፈው ቀይ ወረቀት ቆረጥሁ። ለፊቱ የሚሆን ጠይም ግን አጣሁ፤ ያለው የባለቤቴ የበየነ ጥይት የተጠቀለለበት ብቻ ነው። እጄ እምቢ አለኝ። ኋላ ቆረጥሁት። በሊጥ አጣበቅሁት። እንደ ደብራችን ሥዕል ዓይኖቹን ትልልቅ፣ ሁለቱንም ወደ አንቺ የሚያዩ አደረግሁልሽ። ትዝ ይልሻል? ልጅ ሆኜ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ይሁዳ ለምን አንድ ዓይን ብቻ አለው ብዬ ብጠይቅሽ፣ ዝም በይ፣ ክፉ ሰው በጎኑ ነው የሚሣለው ብለሽ ቆነጠጥሽኝ።

ሽፍታ ጭጋግ ውስጥ ተኩሶበት ነው ይላል በየነ። ይሁን። ያን ሰሞን ሁለቱ በገባሮቻችን ላሞች ተጣልተው ነበር። ይርጋለም የሰው ላም ለምን ትነዳለህ፣ የልጆቹን ወተት ነው የምትወስደው አለው። በየነ ደግሞ፣ አንተማ ኦሮሞ ሆነሃል፣ ስትሞት እነሱው ይቅበሩህ ብሎ ሳቀበት። እነሱው ቀበሩት። ከኛ ሰፈር አንድ ሰው አልመጣም። ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜን፣ እያለች ደረቷን የመታችለት የላሞቹ ባለቤት ሚስት ናት። እኔ ለከዳተኛ አይለቀስም ተባልሁ። ሽፍታ የገደለው ሰው በየት በኩል ነው ከዳተኛ የሚሆነው ብዬ በየነን ጠየቅሁት። መልሱ ጥፊ ሆነ።

በየነ የወረቀቱን ሥዕል ቢያይ ቀና፤ እኔንም ሥሪኝና ለአማቴ ላኪላት አለ። ጠብመንጃህ ከአፈሙዙ እስከ ሰደፉ እንዲታይ በጎንህ ቁም አልሁት። ደስ ብሎት ቆመልኝ፤ እያነጣጠረ። ሲያልቅ፣ ቁርጥ እኔን ብሎ ለጓደኞቹ ሁሉ አዞረው። የሱንም ፊት ከዚያው ከጥይቱ ወረቀት ነው ያወጣሁት። ሁለቱንም ልኬልሻለሁ፤ ጎን ለጎን አድርገሽ እዪያቸው።

መጥቼ እግርሽ ሥር ልወድቅ አስቤ ነበር። አልቻልሁም። አርግዣለሁ እናቴ፤ ሆዴ ገፍቷል። ደስታ ካልሽው ደስታ ነው፣ እኔስ ሌሊት ሲራገጥ አብሬው አለቅሳለሁ። ሴት ከሆነች ስሟን አንቺ አውጪላት። ወንድ ከሆነ ግን እኔ አውጥቼለታለሁ፤ ደምመላሽ ነው የምለው። አባቱ ሰምቶ፣ የወታደር ስም ነው ብሎ ግንባሬን ሳመኝ።

አንቺ ፀጉርሽን አሳድጊ። ከመሬት ተነሺ። እመብርሃን ዕንባሽን ትጥረግልሽ፣ ጉልበትሽን ታበርታልሽ። ለኔ አትጸልዪ፤ ለልጁ ጸልዪለት።

የቀረሁልሽ ልጅሽ