ስለ ላክሽልኝ አዲስ ባትሪ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ባየ ቁጥር ይነጫነጫል? እማዬ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ጣሪያውስ ማፍሰሱን ተወ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ፤ መስታወት ቤት ስቆርጥ እውላለሁ፣ ጣቶቼም እስካሁን ቁጥራቸው አልጎደለም። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ተናድጄ ነው። ንዴቴ እስኪበርድ ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ እሱ ግን አልበርድ አለ።

ዕቃው ደርሶኛል። ካርቶኑን በጥርሴ ከፈትኩት ማለት ይቻላል። ከውስጡ በቻርጅ የሚሠራ ቢጫ የፕላስቲክ የእጅ ባትሪ ወጣ። የአባባን ባትሪ ነበር የጠየቅኩሽ። ብደውልልሽ፣ ሰው አገር ላለ ወንድሜ ያንን የተጨማደደ ቆርቆሮ ብልክ ሰው ምን ይለኛል ብዬ የተሻለ ገዛሁልህ፣ አሮጌውን ለልዋጭ ሰጥቼ ሁለት ጆግ ወሰድኩበት አልሽኝ። ጆጎቹ ጥሩ መሆናቸውንም ጨመርሽልኝ።

ለምን እንደፈለግኩት ያልነገርኩሽ ትስቂብኛለሽ ብዬ ነው። ልጆች ሳለን በጎረቤት መስኮት ተንጠልጥለን ያየነው የጠፈር ፊልም ትዝ ይልሻል? ጀግናው ጨለማ ውስጥ የሚይዘውን መብራት እየሠራሁ ነው። ኢንተርኔት ላይ በፊልም የታዩ ዕቃዎችን ቁርጥ አስመስለው የሚሠሩ ሰዎች ማኅበር አለ፤ አንዱ የራስ ቁር ይሠራል፣ ሌላው ሰይፍ። እኛ ቤት ዝገት በአሸዋ ሲፈተግ ነው ያደግነው፤ እነሱ ዝገቱን በቀለም ለመሥራት ሳምንት ይፈጃሉ። እኔም ከነሱ አንዱ ሆኛለሁ፤ አከራዬ የሞረድ ድምፅ በሰማች ቁጥር ግድግዳውን ትደበድባለች።

ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ያንን መብራት ከባዶ አልፈጠሩትም። ተራ የእጅ ባትሪ ገዝተው፣ ክንፍ ቢጤ ገጥመውለት ቀለም ቀቡት። ያን ባትሪ የሚሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል፤ የማኅበሩ ሰዎችም እንደ ጠፋ ልጅ ይፈልጉታል። አንዱ የድሮ ፎቶውን ሲለጥፍ ክው አልኩ። አባባ መጋዘን ሲጠብቅ ታቅፎት ያድር የነበረው ባትሪ ነው። አንገቱ ላይ ያሉት ቀለበቶች፣ የባትሪ ድንጋዩን ስንሰርቅ የምናሽከረክረው ክዳን፣ ሁሉም ራሱ ነው። "አባቴ ቤት አለ" ብዬ ጻፍኩ። ምነው አፌን ቁርጥ ባደረገው።

አሁን ሁሉም ፎቶ አምጣ እያለ አፋጦኛል። የባሰው ሚሊሜትር የምንለው ሰውዬ ነው። ከቧንቧ ቆርጬ የሠራሁትን እጀታ አይቶ፣ አንገቱ በፀጉር ያህል ወፍሯል ብሎ ያስጣለኝ እሱ ነው። አሁን ደግሞ ወሬኛ ነህ ይለኛል። ይበለኝ፣ ለምጄዋለሁ።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እሑድ አባባ ደውሎልኝ ነበር። ባትሪውን ከሳጥኑ አውጥቶ በእጅሽ ያስረከበሽ እሱ ነው፤ ለልዋጭ መስጠትሽን ስላልነገርሽው እኔ ዘንድ የደረሰ መስሎታል። ይበራል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? ይበራል አባባ አልኩት። "እሱ ካለህ ብቻህን አይደለህም። እኔን አንድ ሌሊት ብቻዬን አሳድሮኝ አያውቅም" አለኝ።

እታለም፣ እኔ እኮ ቆርጬ ክንፍ ልገጥምበት ነበር። አንቺ በጆግ ለወጥሽው፣ እኔ በመጋዝ ልገዘግዘው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ማናችን እንደምንብስ እንጃ። አሁን ቢገኝ መጋዝ አላስነካውም። ሚሊሜትርም ፎቶውን አያይም።

ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳትይ ልዋጩን ፈልጊው። ጆጎቹን መልሺለት፣ ካነሰው የፈለገውን ጨምሪለት። ቀጥቅጦት ከሆነም የቀጠቀጠውን ተቀበይው። ሌላ እንዳትገዢ ግን በእማዬ ሞት ይዤሻለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ይህን ሲሰማ እንደሚስቅ አውቃለሁ፣ ስቆ ሲጨርስ ፍለጋውን ያግዝሽ። ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ ቢጫውን ባትሪ ለእነሱ መልሼ እልካለሁ። አባባን ሰላም ከማለት በቀር ምንም አትንገሪው። ካልተገኘ እኔው ደውዬ እነግረዋለሁ፣ እንዳትቀድሚኝ። ከተገኘ ግን ከሁሉ በፊት ድንጋይ አግቢበትና አብሪው። ከበራ አባባን አልዋሸሁትም ማለት ነው።

የተናደደው ወንድምሽ
ከኪራይ ክፍሌ፣ ሐሙስ፣ ኅዳር 9