ድምፃቸው እስከ ኋላው ግድግዳ ይሰማ የነበረው መምህርት ዘነበች ሀሜሶ (ከ1964 እስከ 2017 ዓ.ም.)

መምህርት ዘነበች ሀሜሶ ከአባታቸው ከወንጌላዊ ሀሜሶ ዳንጊሶና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቄ ቡሪሶ መጋቢት 4 ቀን 1964 ዓ.ም. በሲዳማ ለኩ ከተማ ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ።

ይህን የጻፍኩትና የማነበው ታናሽ ወንድማቸው ሕዝቅያስ ነኝ። መሃል ከተማ ማተሚያ ቤት መሥራት ከጀመርኩ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እዚህ ከቆማችሁት የብዙዎቻችሁን ወላጆች የሕይወት ታሪክ የተየብኩት እኔ ነኝ። «ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም» የምትለውን ሐረግ በየጊዜው ከመጻፍ ብዬ ኮምፒውተሬ ላይ አስቀምጫት ነበር። ዛሬ አልተጠቀምኩባትም። የእኅቴ ሕመም ድንገተኛ አልነበረም። አስከሬናቸው ሳይወርድ መናገር ያለብኝ ነገር አለ፤ ድፍረቱን ካገኘሁ እናገረዋለሁ። እስከዚያው በወጉ ልቀጥል።

መምህርት ዘነበች የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በለኩ ተከታትለው በ1979 ዓ.ም. ለሁለተኛ ደረጃ ወደ ሀዋሳ መጡ፤ አዲስ ከተማ ሰፈር አክስታቸው ቤት ተቀመጡ። ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ተነሥተው እንዲያነቡ ታዘዙ። አፋቸውን የፈቱት በሲዳሙ አፎ ነውና ገና ሁለተኛውን መስመር ሳይጨርሱ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም «ተቀመጪ፣ ሌላ ሰው ያንብብ» አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥረኛ ክፍልን እስኪጨርሱ ድረስ በክፍል ውስጥ አንድ ቃል አልተናገሩም። ሲጠሩ ይነሣሉ፣ መሬት መሬቱን ያያሉ፣ ተቀመጪ ሲባሉ ይቀመጣሉ። ይህንን እሳቸው ራሳቸው ለስንት ተማሪ ያወሩት ታሪክ ስለሆነ አላፍርበትም።

በ1984 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ በሰርተፊኬት ተመርቀው በአለታ ወንዶ አካባቢ ለስምንት ዓመት አስተማሩ። በ1992 ዓ.ም. ወደ ሀዋሳ ተዛውረው በምሥራቅ ክፍለ ከተማ በሚገኝ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ማስተማር ጀመሩ፤ በክረምት እየተማሩም ዲፕሎማቸውን ያዙ። በአንድ ክፍል ሰባና ከዚያ በላይ ልጅ ነበራቸው። አብዛኛው ልጅ ቤቱ ሌላ ቋንቋ እየተናገረ የሚመጣ ነው።

የእሳቸውን ክፍል የተማረ ሁሉ የኋላውን ግድግዳ ያውቀዋል። አንባቢው ጥቁር ሰሌዳው ጋ ይቆማል፣ አንድ ልጅ ደግሞ ክፍሉ መጨረሻ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆምና ሲሰማው እጁን ያነሣል። እጅ እስኪነሣ ድረስ ያው ዓረፍተ ነገር ይደገማል። መጮኽ ክልክል ነው። እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉ፣ ትንፋሻችሁን ሙሉ፣ ከዚያ ተናገሩ ይሏቸው ነበር። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ ሌሎች መምህራን ማስታወሻ ያስጽፋሉ፤ እሳቸው ግን «ዛሬ ነው ደህና ልምምድ!» ብለው ልጆቹን ያስነሡ ነበር። በሰው አነጋገር የሳቀ ተማሪ ቀጣዩ አንባቢ እሱ ነው። አንድ ልጅ የእናቱን ቋንቋ ቃና ይዞ አማርኛ ቢናገር ጥፋት ነው ብለው አያውቁም፤ የሚያርሙት ያልተሰማውን ብቻ ነበር።

ዛሬ እዚህ ከቆሙት መካከል የቀድሞ ተማሪያቸው ሳያት አለች። ስድስተኛ ክፍል ሳለች ትንተባተብ ነበር፤ ስሟን ለመናገር እንኳ ፊቷ ላብ በላብ ይሆናል። ልጆቹ ቶሎ እንዲያልቅ ቃሉን እነሱ ይጨርሱላታል፣ ደግ የሠሩ መስሏቸው። መምህርት ዘነበች ይህን ከለከሉ። «ቃሉ የሷ ነው፣ አትንጠቋት» አሉ። ከአምስት ወር በኋላ ሳያት ግማሽ ገጽ አነበበች፤ ክፍለ ጊዜው በሙሉ ለእሷ ሆነ። ደወል ሲደወል ማንም አልተነሣም፣ እስክትጨርስ ጠበቋት። አሁን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት።

በ1991 ዓ.ም. ከአቶ አልአዛር ዋሪሶ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻ ፈጽመው ሃሴትንና ኤልናታንን ወለዱ። አቶ አልአዛር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው፤ ዝምተኛ ሰው ናቸው፣ የቤቱ ወሬ በሙሉ የእኅቴ ነበር። በቤተ ክርስቲያንም እኅቴ የሰንበት ትምህርት ልጆችን ጥቅስ በቃል ያስጠኑ ነበር፤ ማይክሮፎን ሲሰጧቸው «ለዘማሪዎቹ ይሁን» ብለው ይመልሱታል።

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ድምፃቸው ሻከረ። ኧረ የጠመኔ አቧራ ነው ተባለ፤ የማስተማር ድካም ነው አልን። ዝንጅብልና ማር ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። የገና በዓል ካለፈ በኋላም አልተሻላቸውም። ሐኪም ዘንድ ሄዱ፣ ከጉሮሯቸው ናሙና ተወሰደ። ሥራ ቦታዬ ለሐኪሙ ቅርብ ስለሆነ ውጤቱን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ቀኑን መጨረሻ ላይ እናገራለሁ።

ሐኪሙ ካንሰር መሆኑን ነገረኝ። ገና አልተሠራጨም፣ አሁን ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው የመዳን ተስፋቸው ትልቅ ነው አለኝ፤ ድምፃቸው ግን አይመለስም። እኔም «እባክዎ ለእሷ እንዳይነግሯት» አልኩት። ውሳኔው የታማሚዋ ነው ብሎ ሲቆጣ፣ እቤት ቀስ ብዬ እነግራታለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። በእኛ ዘንድ ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ እንዲህ ፊት ለፊት አይነገርም፤ መጀመሪያ ቤተሰብ ይመክርበታል። ለአቶ አልአዛር ብቻ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ይዘው «ዘነበችን? ድምፅሽ ይቆረጣል ብለን? በየትኛው አፋችን?» አሉ። ትምህርት እስኪዘጋ ብንጠብቅስ ተባባልን። ለልጆቹም አልተናገርንም። ለእኅቴ የጉሮሮ ቁስለት ነው አልናቸው፤ የቁስለት ክኒን ገዝቼ አመጣሁ። ማታ ማታ በውኃ ሲውጡ ቁጭ ብዬ አየሁ። አመኑኝ።

እስከ ሰኔ ድረስ በሹክሹክታ አስተማሩ። ትምህርት ተዘጋ፣ እኛም አልተናገርንም። ነሐሴ 2 ቀን ትንፋሽ አጠራቸውና አዲስ አበባ ወሰድናቸው። ለመተንፈሻ ጉሮሯቸው ላይ ቀዳዳ ተከፈተ፤ ከዚያ በኋላ ድምፅ አልነበራቸውም። በሽታው ሳንባቸው ውስጥ ገብቷል፣ ቀዶ ሕክምናው አሁን አይረዳም ተባለ። ይህንን የነገረቻቸው የዚያ ሆስፒታል ሐኪም ናት፣ እኛ አይደለንም። አላለቀሱም። ደብተር እንድንሰጣቸው በእጃቸው አሳዩ፤ «መቼ ነው ያወቅከው?» ብለው ጻፉና ወደ እኔ አዞሩት።

እኔም መልሱን ልጽፍ እስክሪብቶውን አነሣሁ። ከእጄ ቀሙኝ። ወደ አፌ ጠቆሙኝ። በአንደበትህ ንገረኝ ማለታቸው ነው። «አሁን ዕረፊ፣ በኋላ እናወራለን» ብዬ ወጣሁ።

ወደ ሀዋሳ ከተመለሱ በኋላ አራት ወር ያህል ቤታቸው ተኙ። በሄድኩ ቁጥር ደብተሩ ያቺ ገጽ ላይ ተገልጦ አጠገባቸው ነበር። እኔ ስለ ዘይት ዋጋ አወራለሁ፣ ስለ ኤልናታን ፈተና አወራለሁ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ አወራለሁ። ነገ እላለሁ። ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት፣ እኔ ማተሚያ ቤት ማሽን እያሞቅሁ ሳለ፣ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው በተወለዱ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ።

መምህርት ዘነበች የአንድ ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ እናት ነበሩ። ባለቤታቸው አቶ አልአዛር፣ ልጆቻቸው ሃሴትና ኤልናታን፣ እኔና ሁለቱ እኅቶቻችን፣ በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ ያስተማሯቸው ልጆችም በሕይወት አለን። ሃሴት፣ ኤልናታን፣ እናታችሁ ራሳቸው የሚመርጡበትን ዕድል ነፍገናቸዋል፤ እናንተንም እንደዚሁ። ይቅርታ አድርጉልን ለማለት እንኳ ዛሬ ቀን አይደለም።

የትንፋሽ ሁሉ ባለቤት የሆነው ጌታ እኅታችንን ሕመም በሌለበት በቤቱ ይቀበላቸው፤ ለቀረነውም እውነቱን ተሸክመን የምንኖርበትን ጉልበት ይስጠን። አሜን።

እትዬ፣ ያወቅሁት የካቲት 19 ነው። ማክሰኞ ነበር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ልትድኚ ትችዪ ነበር። ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ።