ለሬሳ የማይሰጥ ስም

ሐይቅ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዓይኔ ልጄ ኢንሳፍ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሪያድ ሙቀቱ በረደላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ዘንድሮ ዓሣውም አልጠፋ። ስልክ ስትደውዪ እናትሽ ኑርሀያት ከእጄ ስለምትነጥቀኝ፣ የኔን ወሬ ጽፌ ለጎረቤታችን ለኢቲሳም ሰጥቻታለሁ። ወደዚያ ስትመለስ ታደርስልሻለች።

አባትሽ የፊልም ተዋናይ ሆነልሽ! ሳቂ፣ እናትሽም እስካሁን ስቃ አላባራችም። ከአዲስ አበባ ፊልም የሚሠሩ ልጆች መጥተው ታንኳዬን ከነእኔ ተከራዩ። አለቃቸው ፈንታሁን የሚባል ትሑት ልጅ ነው። «የምንሠራው ኑዋር ነው፣ አባባ» ሲለኝ «ኑር» ያለ መስሎኝ «ብርሃኑን ያብዛላችሁ!» ብዬ መረቅኩት። ለካ ጨለማ ማለት ኖሯል! ነገሩ ሁሉ ግድያ፣ ዝናብና ኮት ለብሶ ሲጋራ የሚያጨስ መርማሪ ነው።

የእኔ ሥራ ከሐይቁ የአንዲት ልጅ ሬሳ ማውጣት ነበር። ማናት ብል፣ ከዐረብ አገር የተመለሰች የዚሁ አገር ልጅ ናት አሉኝ። ስሟስ ብል፣ የፊልሙ ታሪክ የተጻፈበት ወረቀት ላይ «ሟች» ይላል። መርማሪው ስም አለው፣ ገዳዩ ስም አለው፣ ቡና ቤት የተቀመጠው ሰካራም እንኳ ስም አለው። ከእኛ ወገን ያለችው እሷ ብቻ፣ እሷም ሬሳ!

ደሜ ፈላ። «ኧረ ኢንሳፍ፣ እናንተ ልጆች!» ብዬ ጮህኩ። ፈንታሁን እስክሪብቶውን አውጥቶ «ቆንጆ ስም ነው፣ ኢንሳፍ እንበላት» አይል መሰለሽ! ፍርድ ይኑራችሁ ማለቴ መሆኑን በምን ይወቀው።

ያኔ እጁን ከነእስክሪብቶው ያዝኩት።

«ሰርዘው» አልኩት። «የልጄ ስም ነው። በሰው አገር ደፋ ቀና የምትል ልጅ አለችኝ። ስሟን ለሬሳ አልሰጥም፣ ታንኳዬም አትነሳም።»

ፈንታሁን ስሙን ሰረዘው። ከዚያ «እሺ አባባ፣ ሬሳ ካልሆነች ምን ትሁን ይላሉ?» አለኝ።

«በሕይወቷ ትምጣ። የበደላትን ታውቀው የለም? ራሷ ትናገር።»

ወላሂ ሰማኝ! በማግስቱ ወረቀቱ ተቀይሮ መጣ። አሁን ኢንሳፍ በታንኳዬ ተሳፍራ ትመጣለች፤ ወንጀለኛውን የምትይዘውም እሷ ናት። መርማሪው ኮቱን ሰብስቦ ከኋላ ከኋላዋ ይከተላል።

እኔ ቀድሜ ወርጄ፣ የተዋናይቷን እጅ ይዤ «ኢንሳፍ ልጄ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» ማለት ነበረብኝ። አልኩት። ዳር ቆማ የምታየው እናትሽ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፣ ካሜራ የያዘውም ልጅ ዓይኑን ጠረገ።

ፈንታሁን ተገርሞ «አባባ፣ ይህን መቼ ተለማመዱት?» አለኝ።

«ከሄደች ጀምሮ» አልኩት።

በይ አብሽሪ ልጄ፣ እኛ ደስ ብሎን ነው ያለነው። አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ የያዝሽውን ሁሉ በረካ ያድርግልሽ። ደግሞ ነይ ማለቴ እንዳይመስልሽ፤ የፊልሙን ወሬ ነው የነገርኩሽ።

አባትሽ አብዱልመናን