የትልቁ ልጅ አይደለም

ቡሬ፣ ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፰

ዛሬ ተማሪዎቼን ሁለቱን የበቀቀን ዓይነቶች ላሳይ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደን ይዣቸው ወጣሁ። ባለ ቢጫ ግንባሩ እርግብ ሊያህል ትንሽ ይቀረዋል፤ ደን ይወዳል፤ ከአገራችን ውጭ አይገኝም። ባለ ጥቁር ክንፉ ከድንቢጥ ብዙም አይበልጥም፤ ከተማ ዳርም ይኖራል። ለጊዜው ሁለቱም የመጥፋት ስጋት የለባቸውም አልኳቸው።

የደኑ ጠባቂ አባ ታፈረ ሳቁብኝ። «አንቺ ልጅ፣ ትንሹ እኮ የትልቁ ጫጩት ነው!» መጥረቢያ ይዘዋል፤ የደረቀውን ዋንዛ ሊቆርጡ ነው።

አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ቁመቴ አጭር ስለሆነ ሁለት ዓመት ሙሉ «አንቺ ልጅ» ሲሉኝ ኖረዋል። አልተከራከርኩም፤ እንደማሸንፍ አውቃለሁ። አባን ዋንዛው ሥር ወሰድኳቸውና «እስቲ ወደ ላይ ይዩ» አልኳቸው። ትንሹ በቀቀን ከግንዱ ቀዳዳ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ የራሱን ጫጩት ያጎርሳል።

አባ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ መጥረቢያውን ትከሻቸው ላይ መለሱት።

«ዋንዛው ይቆይ» አሉ። «ለካ ቁመት አይቶ ልጅ ማለት ነውር ነው።»

ስንለያይ አረፍ ካሉበት ድንጋይ ብድግ አሉልኝ።

«በሉ፣ ደህና ይግቡ፣ መምህርት።»