ጋሽ ሰይድ ያበሉኝ ሳምንት

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ጋሽ ሰይድ ዛሬ «ብዪ እንጂ» አሉኝ። ናዝሬት በሆቴሉ ወጥ ቤት ስምንት ዓመት አብረን ስንሠራ ከአፋቸው የሰማሁት «ምን ይጎልትሻል» እና «አሳረርሽው» ብቻ ነው። እሳቸው ኃላፊ፣ እኔ ረዳት። መንግሥት ለሦስት ወር የምግብ ዝግጅት ትምህርት ከሆቴላችን ሶፊያ የላከው ሁለታችንን ነው። ስድስተኛ ሳምንታችን።

ከክፍል እንደወጣን ወደ ተማሪዎቹ ምግብ ቤት ስሄድ እጄን ያዙኝ። «ዛሬ ውጭ ነው የምንበላው» አሉ። መውጫው መዝገብ ላይ «የባህል ምግብ ጥናት» ብለው ጻፉ፤ የኢትዮጵያውያኑ ተማሪዎች ቡድን ኃላፊ ጓድም ፈረመ። ለነገሩ ስንመለስ ለሆቴሉ ሪፖርት ይጠበቅብናል።

የወሰዱኝ ሜሃና ወደሚሉት ቤት ነው። የባህል ምግብና መጠጥ ቤት መሆኑ ነው። ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ቀይ ጥልፍ የጠረጴዛ ልብስ። ሾፕስካ የሚሉት ሰላጣ ቀረበ፦ ቲማቲም፣ ኪያር፣ ሽንኩርት፣ የተጠበሰ ቃሪያ፣ ላዩ ላይ የተፈቀፈቀ ነጭ አይብ። ጣዕሙን መመዝገብ ነበረብኝ። «ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር ምንም አልተሰማኝም።

ዛሬ ደብዳቤ ደርሶኛል፣ ከእህቴ ከአልማዝ። ለጋሽ ሰይድም ከሆቴሉ አንድ ደርሷቸዋል። እማዬ ደህና ናት፣ ሰላም ትልሻለች ይላል የእኔው። ስመጣ ኩላሊቷን ታማ ነበር የተውኳት።

ማክሰኞ

ደብዳቤውን አራት ጊዜ አነበብኩት። ደስ የሚል ደብዳቤ ነው። ችግሩም እሱ ነው።

እማዬ ሳትቆጣ ሰላም ብላኝ አታውቅም። መጻፍ ስለማትችል መጨረሻ ላይ እሷ የምትለውን አልማዝ ቃል በቃል ታሰፍርላታለች። ባለፈው፦ «ያ ኢንተላ! ሹራቡን ጥለሽው ሄድሽ አይደል፣ ብርዱ ያስተምርሽ።» በኦሮምኛ «አንቺ ልጅ» ብላ ትጀምርና ቁጣው ሲጠነክር ወደ አማርኛ ትገባለች። ከዚያ በፊት ደግሞ ፎቶዬ ላይ ከስቼ በማየቷ አንድ ገጽ ሙሉ ሰደበችኝ።

አሁን «ሰላም ትልሻለች»። በቃ። ስድብ የለ፣ ሹራብ የለ።

ማታ ታራቶር በላን። እርጎ፣ ኪያር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ለውዝ የሚመስል ፍሬ ተከትክቶ፤ ቀዝቃዛ ሾርባ ነው። ጋሽ ሰይድ የራሳቸውን ዳቦ ወደ እኔ ገፉት። እኚህ ሰውዬ ናዝሬት እያሉ የቀመስኩትን ማንኪያ ቆጥረው የሚቆጡ ነበሩ።

ረቡዕ

ሽኬምቤ ቾርባ። የጨጓራ ሾርባ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮምጣጤ፣ የተፈጨ ቀይ በርበሬ ለየብቻ ይመጣል፣ እንደ ፍላጎትሽ ትጨምሪያለሽ። ሁለታችንም እዚህ አገር መጀመሪያ የተማርነው ቃል «ስቪንስኮ» ነው፣ የአሳማ ሥጋ ማለት። እሳቸው እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፣ በአሳማ ላይ ግን አንድ ነን። የበሬ መሆኑን አረጋግጠን ጀመርን። ቀኑ ረቡዕ መሆኑ፣ ጾም መሆኑ ትዝ ያለኝ ከጎረስኩ በኋላ ነው። ደነገጥኩ ብዬ ልጽፍ ነበር። አልደነገጥኩም።

አስተናጋጁ መጥቶ የሆነ ነገር ጠየቀኝ። ገና እየበላሁ እንደሆነ መሰለኝ የጠየቀው። እኛ እንደምናደርገው ራሴን ቀና አድርጌ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «እህ» አልኩት። አዎ ማለቴ ነው። ሰውየው ሳህኑን እስከነ ሾርባው አንስቶ ሄደ። ለካ እዚህ አገር ራስን ቀና ማድረግ «የለም» ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ አዎ እያልኩ እንቢ ስል ከርሜያለሁ!

ጋሽ ሰይድ ሳቁ። በሕይወቴ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፣ ጥርሳቸው ወርቅ አለው። ከዚያ ድንገት አቋረጡና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። የምስቅበት ቦታ አይደለም ያሉ ይመስል።

ያኔ አወቅኩ። ወይም ያወቅኩ መሰለኝ።

ሐሙስ

ትምህርት ነበር። ስለ ሊጥ።

እኛ ውጭ አገር ላለ ሰው መርዶ አንነግርም። እስኪመለስ ይደበቃል። ሲመለስም በደንብ ይበላል፣ ይተኛል፣ ከዚያ ገና ጎሕ ሲቀድ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ይነግረዋል። በባዶ ሆዱ መርዶ የሚሰማ ሰው ይወድቃል ይባላል። እኔም አድርጌዋለሁ። የሆቴላችን ልብስ አጣቢ ወንድሟ ሞቶ ዘመዶቿ ከሻሸመኔ እስኪመጡ ሦስት ቀን ደብቀንባታል። ሦስቱንም ቀን ምሳ የጋበዝኳት እኔ ነኝ። ዓመት ቆይቶ «ሁለተኛው ምሳ ላይ አውቄ ነበር» አለችኝ። ለምን እንዳልጠየቀችኝ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ጋሽ ሰይድን ከሆቴሉ ስለመጣላቸው ደብዳቤ አንድ ቃል ብጠይቃቸው ያልቃል። ዋሽተው አያውቁም፣ ፊታቸው ይናገራል። ግን እሳቸው እስካልተናገሩ እማዬ ናዝሬት ናት፣ ባቡር ጣቢያው ጀርባ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የምትቆጣው ሰው እየፈለገች ነው። ብትሞትስ ምን አደርጋለሁ? ቲኬቱ የመንግሥት ነው፣ ከስድስት ሳምንት በፊት ንቅንቅ የለም። አልቅሼ እንኳ የሚያቅፈኝ የለም።

ስለዚህ አልጠይቃቸውም። ማልቀስ ያለብኝ ይመስለኛል፤ ውስጤን ስፈልገው ግን ምንም የለም፣ እንደደነዘዘ እግር ነው። ማታ በሸክላ ድስት የመጣ የበግ ሥጋ በላሁ። ጨረስኩት።

ዓርብ

ዛሬ ቤቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። «ጋሽ ሰይድ፣ የቦሎቄ ሾርባ አለ አሉ፣ የጾም ነው» አልኳቸው። ደስ አላቸው፤ ኮታቸውን ሳይቆልፉ ወጡ።

ነገሩ ገብቶኛል፤ እየበላሁ ሳለ አይነግሩኝም። ሾርባው ሲያልቅ ዳቦ አዘዝኩ። ቦዛም አስመጣሁ፣ እንደ ቦርዴ ወፈር ያለ ከእህል የሚጠመቅ መጠጥ ነው፣ ግን ይጣፍጣል። እሳቸው ሁለት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁለቱንም ጊዜ ቶሎ ብዬ ሌላ ነገር አዘዝኩ። ሦስተኛው ላይ «ኢንሻላህ አገራችን ስንገባ...» ብለው ተዉት። ሆዴ ሊፈነዳ ደርሷል።

ምናልባት ምንም የለም። ምናልባት አልማዝ ቸኩላ ነው የጻፈችው። እሳቸውም እርጅና አለዝቧቸው ይሆናል።

ይህን ጽፌ ሳነበው ራሴም አላመንኩት።

ቅዳሜ

ጠዋት «ሌላ ቤት አግኝቻለሁ» አሉ ጋሽ ሰይድ። እሳቸው መዝገቡን ለማስፈረም ሲቀሩ እኔ ቀድሜ ወጣሁና ማዶ ካለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ሌላ ቀን ሰው የማይታይባት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ዛሬ ጥቁር የለበሱ አሮጊቶች ደረጃው ላይ ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዘዋል። ለሚያልፍ ለሚያገድመው ያድላሉ።

አንዷ ጠራችኝ። ወረቀት በእጄ ላይ ዘርግታ በማንኪያ አደረገችልኝ። «ቦግ ዳ ፕሮስቲ» አለች። ቦግ እግዚአብሔር ማለት መሆኑን አውቃለሁ፣ የቀረውን አላውቀውም።

አየሁት። የተቀቀለ ስንዴ ነው። ስኳር ነስንሰውበታል እንጂ ንፍሮ ነው፤ ለቅሶ ቤት የሚቀርበው ንፍሮ ራሱ። የሳምንቱን ምግብ ሁሉ ስም እየጠየቅኩ ነው የጻፍኩት፣ ይኼን ግን ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። አፌ ውስጥ አድርጌ አላመጥኩ።

ጋሽ ሰይድ መንገዱን ተሻግረው መጡ። መጀመሪያ እጄን አዩ፣ ከዚያ አሮጊቶቹን፣ ከዚያ የሚላወስ አፌን። ቆባቸውን አወለቁ።

«ማን ነገረሽ?»

«እርስዎ» አልኳቸው። «አሁን።»

ደረጃው ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡና ከእኔ ቀድመው እሳቸው አለቀሱ።