የአያትሽ እርም

ጎንደር፣ ማክሰኞ ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ፀሐይዋ ከግድግዳው ስትሸሽ ግን ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቤት ያለነው እኔና አባትሽ ነን። ከቀትር በኋላ የነፍስ አባታችን መምሬ ኃይለ ማርያም መጥተው ነበር፤ አሁን ሄደዋል። አባትሽ ጋቢውን ተከናንቦ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል።

ልጄ ማርያማዊት፣

እንዴት ከረምሽልኝ? የአርባ ምንጭ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ከዚህ ብርድ በከረጢት አስሬ ብልክልሽና አንቺም ከሙቀቱ ትንሽ ብትመልሺልኝ ሁለታችንም በተገላገልን።

በስልክ የማይነገር ነገር ስላለኝ ነው የምጽፍልሽ። ስትደውዪ አባትሽ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ መሀላችን ይቀመጣል። «እማ፣ ደህና ነሽ?» ስትዪ «ደህና ናት!» የሚልሽ እሱ ነው። አጠገቤ ተቀምጦ እንዴት አድርጌ ልማው?

እስቲ ስሞታዬን ላስቀድም። ጡረታ ሲወጣ መንዳት ያቆመ መስሎሻል? ደጃፍ ተቀምጦ የሰፈሩን መኪና ሁሉ የሚነዳው እሱ ነው። ሚኒባስ ዳገቱን ሲይዝ «ሁለት አግባ! ሁለት አግባ እንጂ፣ ማርሹን ገደልከው!» ይላል። ሾፌሮቹ ለምደውት እጃቸውን እያወዛወዙለት ያልፋሉ። እኔም ወጥ ሳማስል «ፍሬን ያዢ፣ ፈሰሰ» ይለኛል። ውኃ በሳምንት አንዴ ስትመጣ ጀሪካኑን ሞልቶ ያበቃና፣ ከምንጭ በትከሻው የቀዳ ይመስል ቀኑን ሙሉ ሲኮራብኝ ይውላል።

ሸጋ ሸጋውም አለ ደግሞ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ግድግዳችን ላይ ስታርፍ ጀርባችንን ሰጥተን የባቄላ እሸት እንፈለፍላለን። ጥርሱ እምቢ ስላለው ለጋ ለጋውን እየለየሁ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ያላየሁት እየመሰለው መልሶ ወደ እኔ ሣህን ይጥለዋል። ሻማ የተጠቀለለበት ቁራጭ ጋዜጣ ሳገኝ አነብለታለሁ። ወሬው መሀል ላይ ሲቀደድ መጨረሻውን እሱ ከራሱ ይፈጥራል። ከጋዜጣው የእሱ ሳይሻል አይቀርም።

በቀደም ታዲያ እሸቱን እየፈለፈልን ድንገት «አባይ፣ ለቁስቋም ብንቆርብስ?» አለኝ።

ጎረቤታችን እንኳየሁ ከአጥሩ ወዲያ ሰምታው ኖሯል። «ኧረ ወየው ጉዴ! አባይነሽ ከቆረበች ከማን ጋር ሆኜ ሰው ላማ ነው?» አለች። አልበቃትም፤ «አያ ህሩይ፣ አስበውበታል? ከቁርባን ወዲያ መፋታት የለም እኮ!»

«ሠላሳ ዓመት ነድቻታለሁ» አላት። «ሞተሯ ደህና ነው፤ ጩኸቷን ለምጄዋለሁ።»

ሳቅን። ምን አስቸኮለው ብዬ አልጠየቅሁትም። ባለፈው ዓርብ ሐኪም ዘንድ ደርሶ ሲመለስ «ደም ግፊት ነው» ብሎኛል። እኔም ደም ግፊት ነው ብዬ ተቀብያለሁ።

ስስቅ ሳቅሁ እንጂ ልቤ እሺ አላለም። ቂም ተይዞ አይቆረብም፤ እኔ ደግሞ ያደረ ቂም አለብኝ።

እናቴ፣ አያትሽ፣ ትክል ድንጋይ ከተማ ያረፈች ጊዜ አንቺ ገና ጥርስሽን ትለውጪ ነበር። አባትሽ በደባርቅ መስመር ይነዳ ነበርና መርዶው መንገድ ላይ እንዲደርሰው ላክንበት። በቀብሩ የለም። በሠልስቱም የለም። ሰው ሁሉ «ባልሽስ?» ሲለኝ «መንገድ ላይ ነው» እያልኩ ዋልኩ። ከሠልስቱ ማግስት መጣና በሩ ላይ ቆሞ «እግዜር ያጽናሽ» አለኝ፤ እንደ ባዳ። ቀጥሎ ደግሞ «የሚበላ አለ?» አለኝ። አቀረብኩለት። ከዚያን ቀን ወዲህ ነገሩን አንስቼው አላውቅም።

ዛሬ መምሬ «በመካከላችሁ ቂም አለ?» ብለው ጠየቁን።

«እኛ? ቂም የት ያውቀናል!» አለ አባትሽ።

መምሬ ግን በክርስትና ስሜ ጠርተው «አንቺስ፣ ወለተሩፋኤል?» አሉኝ።

«አለ» አልኩ።

አባትሽ ጆሮውን አስጠግቶ «ምን አለች?» አለ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ለቅሶውን፣ «ባልሽስ?» የሚለውን፣ ያቀረብኩለትን ምግብ ሳይቀር።

«ይህን ሁሉ ዘመን? ሽሮው ጨው ሲበዛው ቀን ሙሉ የምትጨቀጭቂኝ ሴት ይህን ዋጥሽው?» አለ።

መምሬም «ቀብር ያመለጠው ሰው ቆይቶም ቢሆን ሄዶ ካላለቀሰ እርሙ አይወጣም። የእሱ እርም አልወጣም፤ የአንቺም ቂም አልወጣም» ብለው መስቀላቸውን አሳልመውን ሄዱ።

ሁለታችን ስንቀር አባትሽ መሬት መሬት እያየ «ከደባርቅ ወዲያ፣ ድብ ባሕር ላይ ነው የነገሩኝ» አለ። «መኪናዋን አቆምኩ። እናት አባት የሌለኝን ሰው ልጄ ብላ የያዘችኝ እሷ ናት። አፈር ሲመለስባት ማየት ፈራሁ። ተሳፋሪው ሲጮህብኝ ነዳሁና ደባርቅ ቀረሁ። እህል አልቀመስኩም ነበር፤ አንቺን ሳይሽ ነው የራበኝ።»

«ምነው ያኔ አልነገርከኝ?»

«ምነው አልጠየቅሽኝ?»

ይህን ሰምቼ ቂሜ ብን ብሎ የጠፋ እንዳይመስልሽ። ለራሴ አዘንኩ፣ ለእሱም አዘንኩ፤ ቂሜ ግን እዚያው ተቀምጧል። እሱ ይኸው ደጃፍ ላይ ነው። ሦስት ሚኒባስ ዳገቱን ሲወጣ ለአንዱም አልተናገረም።

ልጄ፣ የምታስተምሪያቸው ልጆች እንደ ልጅ ይውደዱሽ፤ የረገጥሽው መሬት ይመችሽ፤ ብቻሽን የበላሽው ማዕድ ሰው ይብዛበት። ዕረፍት ስታገኚ ዘንድሮ ቶሎ ነይ። ዝም ብዬ ነው፣ ቶሎ ነይ።

ረቡዕ ጠዋት

ደብዳቤውን ገና አላሸግሁትም ነበር። የእንኳየሁ ልጅ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድ ይዞልሽ ይመጣል።

አባትሽ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ «ትክል ድንጋይ እሄዳለሁ፣ መቃብሯ ላይ አለቅሳለሁ» ብሎ ወደ መናኸሪያ ወረደ። ተው ወይም ሂድ አላልኩትም። ፀሐይ ስትወጣ ተመለሰ፤ በዚያ መስመር ዛሬ መኪና የለም ብለውታል። ግን ወደ ቤት አልገባም። ከግቢው በር ላይ ቆመ፣ ጋቢውን ከትከሻው አወረደና ወገቡ ላይ አሸረጠ፣ ከዚያ «እማ! እማምዬ! ልጅሽ መጣሁ!» ብሎ ጮኸ። ሰፈሩ በሙሉ ሰማ።

እንኳየሁ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች ደረሰች። «ማነው? ማን ሞተ?»

«እናቴ» አልኳት።

«እናትሽማ ድሮ...» ብላ ጀመረችና ፊቱን ስታይ አቆመች። እሷም ማልቀስ ጀመረች።

እኔ ምንጣፉን አወጣሁ፤ ለቅሶ እንደመጣ ሰው እጁን ይዤ አስቀመጥኩት፤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ያን ጊዜ ብቻዬን ያለቀስኩትን ዛሬ አብሬው አለቀስኩ። ሲበቃው ፊቱን እንዲታጠብ ውኃ አፈሰስኩለት። ነጠላዬን ቀይሬ ጫማዬን አደረግሁና ዳገቱን ይዤ መምሬ ኃይለ ማርያም ቤት ሄድኩ። ከበር ሳልገባ «ያ የጠየቁኝ ነገር አሁን የለም። ለቁስቋም ሁለታችንም እንቆርባለን» አልኳቸው።

እናትሽ አባይነሽ