ሰፈራውን አይታችሁ ትመለሳላችሁ ያሉን ሰሞን

ሰኞ፣ ጥር 13

ብርድ ልብስ ለምን? ለጉብኝት ነው የምትሄዱት፣ አይታችሁ ትመለሳላችሁ ተባልን። ታዲያ ብርድ ልብስና ኩባያ ያዙ የሚለው ትእዛዝ ከየት መጣ? ጠዋት መካነ ሰላም ላይ አውቶቡሱ ውስጥ ስንገባ ይህንኑ ጠየቅኩ። አስጎብኚያችን ጓድ ግርማ የሚባል ከደሴ የመጣ ወጣት ካድሬ ነው። ሳቀብኝ። «ጓዲት የሺ፣ መንገዱ ይበርዳል» አለ። የምንሄድበት ቆላ ነው ብሎ የነገረን ራሱ ነው።

ከዚያ ሁላችንንም መታወቂያ ተቀበለንና ቦርሳው ውስጥ ከተተው። እንዳይጠፋባችሁ ነው አለ። ኧረ የማን መታወቂያ ጠፍቶ ያውቃል?

ከየገበሬ ማኅበሩ አንድ አንድ ሰው ነው የተመረጠው። ሴት እኔ ብቻ ነኝ፤ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ስለሆንኩ። ሥራችን የሰፈራውን መንደር አይተን መጥተን ለሕዝቡ መናገር ነው። በልጉም ክረምቱም ከዳን፣ ሰው በየመንገዱ እየወደቀ ነው፣ ቆላ ወርዳችሁ ስፈሩ ሲባል ግን የሚያምን የለም። የሄደ ሰው ወሬው አይመጣማ።

ወንድሜ ደምሴ እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ። በሬዎቹ ካለቁበት ወዲህ ሰውነቱ አልቋል። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ልሂድ አልሂድ እያለ ነው። በመስኮቱ በኩል እጄን ያዘና «እታለም፣ የካድሬውን ወሬ ተይው። እኔ የማምነው ያንቺን ዓይን ነው። ሂድ ካልሽኝ እሄዳለሁ፣ ቅር ካልሽኝ እቀራለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ቆሎ አልወርድልኝ ብሏል።

ደጋው ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ብርድ ልብሱ ጠቀመኝ። ይህን ለጓድ ግርማ አልነግረውም።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

ደሴ ላይ አዲስ ካኪ ጃኬት አደሉን። የእኔ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። ከጎኔ የሚቀመጡት ሸኽ ሰይድ የጎረቤት ቀበሌ ሽማግሌ ናቸው። እጅጌውን እየጠቀለሉ «እንዲህ አሳምረው የሚያለብሱን ለማን ሊድሩን ነው?» አሉኝ። ሳቅኩ። ቆይቼ ግን ጥያቄያቸው ከበደኝ።

ከከተማው ወጣ እንዳልን አውቶቡሱ አንድ ግቢ በር ላይ ቆመ። ግቢው ውስጥ ሰው በከባድ መኪና እየተጫነ ነው። ቅል፣ ሰሌን፣ የታመመ ሰው፣ ሕፃን፣ ሁሉም አንድ ላይ። ጓድ ግርማ ሹፌሩን በሩን ዝጋው ብሎት ወርዶ ገባ። ቆየ። በጣም ቆየ።  ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። መታወቂያ የለን፣ ብርድ ልብስ ይዘናል። እኛንም መኪናው ላይ ቢጭኑን ማን ይጠይቃል?

ዳቦ ጭኖ ተመለሰ። ለመንገድ ነው አለ። ዳቦው ትኩስ ነበር። በላሁት።

ያደርነው አዲስ አበባ ነው። አዲስ አበባን አየሁ ብዬ ግን አላወራም። መብራት አየሁ፣ ከዚያ የአዳራሽ ወለል።

ረቡዕ፣ ጥር 15

ወደ ነቀምት። አገሩ ሣር ነው። ላሞቹ ሆዳቸው ሞልቶ መንገድ ዳር ተኝተው ያመሰኳሉ፤ ለመኪናም አይነሱ። ወንዶቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ቀሩ። አንድ ሰው እንባውን ሲጠርግ አየሁት፤ አቧራ ገባብኝ አለ።

ጓድ ግርማ ለእያንዳንዳችን «እንዴት ነው አገሩ?» እያለ ይጠይቃል። ሁሉም «ጥሩ ነው» ይላል። እኔም ጥሩ ነው አልኩ። ሌላ ነገር የሚል ካለ ሊያውቅ ነው የሚጠይቀው።

ሐሙስ፣ ጥር 16

ዛሬ የሞትኩ መስሎኝ ነበር።

ጎሕ ሲቀድ ተነሳን፤ እስኪጨልም መንገድ። ቁልቁል፣ ድልድይ፣ ጫካ፣ እንደገና ቁልቁል። ሙቀቱ እንደ እሳት ወላፈን ፊት ይገርፋል። የናፍጣው ሽታ አያድርስ ነው። ከፊት ያሉት አስመለሳቸው። እግሬ አብጦ ጫማዬ አልገባ አለኝ። ያንን ጃኬት አውልቄ ተቀመጥኩበት፤ ወንበሩ ስፖንጁ አልቆ ብረት ብቻ ነው።

ከተማ ስንደርስ አንቆምም። ውሃ ሲያስፈልግ ረዳቱ ብቻ ወርዶ ያመጣል። ከሰው ጋር እንዳንነጋገር ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ወንዶቹ ጫካ መሐል በቆምን ቁጥር ዞር ይላሉ። እኔ የት ልዙር? ያለሁት ወንድ መሐል ነው። ስችል ቆየሁ። በመጨረሻ አንዲት መንደር ስትታይ ለጓድ ግርማ ቀስ ብዬ ነገርኩት። «ትንሽ ቻይ፣ እዚህ መቆም አልተፈቀደም» አለኝ። እንባዬ መጣ። ሸኽ ሰይድ ሰምተው ነበር። በምርኩዛቸው የአውቶቡሱን ወለል ደበደቡት። «መኪናውን አቁሙ! እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ሽንቴን መያዝ አልችልም! እዚሁ ልልቀቀው?» ብለው ጮኹ። ሹፌሩ ቀጥ አደረገው። ሸኹ ወርደው መንገድ ዳር ቆሙ፣ ኩታቸውን ዘርግተው ማንም እንዳያየኝ ጋረዱልኝ። እሳቸው ሽንታቸው አልመጣም ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ሸኽ» አልኳቸው።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «እኔም ሴት ልጅ አለችኝ።»

ሰፈራው መንደር ስንደርስ ጨልሟል። ትንኙ ለጉድ ነው።

ዓርብ፣ ጥር 17

በሬ ጣሉልን። በዓርብ! ክርስቲያኑ ጾም ነው አለና አልበላም። እስላሙ ደግሞ ማን እንዳረደው አላየንም አለና አልበላም። ያ ሁሉ ሥጋ ዝንብ ወረሰው። ከረሃብ አገር የመጣን ሰዎች ሥጋ እንቢ ስንል ጓድ ግርማ ራሱን ያዘ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩለት።

ትራክተር አሳዩን። ጎተራ አሳዩን። በቆሎው እስከ ጣሪያ ነው። እጄን ከሥር አስገብቼ ቆፈርኩ፤ ከላይ በቆሎ፣ ከታች ገለባ ይሆናል ብዬ። እስከ ታች በቆሎ ነው።

ከዚያ አንድ ቤት አስገቡን። የቤቱ ባለቤት ብቅ ስትል ዘሃራ ናት! መካነ ሰላም ገበያ ከጎኔ ተቀምጣ ድንች ትሸጥ የነበረችው፣ ካቻምና ከባሏ ጋር ሄዳ ወሬዋ የጠፋው ዘሃራ። ጮኼ አቀፍኳት። ጓድ ግርማ ደነገጠ። እንደምንተዋወቅ አላወቀም።

«እንዴት እንደምትኖሩ ንገሪያቸው» አላት።

«አልሐምዱሊላህ፣ በልተን እናድራለን» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

«ሙሳስ? ትንሹ?» አልኳት።

«አለ» አለች። ድምጿ ግን ሌላ ነበር።

እጄን ልታጠብ ብዬ ከጓሮ ወጣሁ። ጣሳውን ይዛ ተከተለችኝ። ውሃውን እያፈሰሰችልኝ በሹክሹክታ ነገረችኝ። «በቆሎው እውነት ነው፣ የሺ። እዚያ ብንቀር አንተርፍም ነበር። ሙሳን ግን ንዳድ ወሰደብኝ። ያንቀጠቅጣል፣ ያተኩሳል፣ በቃ። መድኃኒቱ የመጣው ከቀበርነው በኋላ ነው።»

«ታላላቆቹስ?»

«ታመው ተነሱ። ትንንሾቹን ነው የማይምር።»

«ብትመለሺስ?»

«ወዴት?» አለችኝ።

 ውሃው አልቆም እጄን ማሸት አልተውኩም።

ውሸታቸውን ፈልጌ ነበር የመጣሁት። ውሸት ብቻ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ። አሁን ለደምሴ ምን እለዋለሁ?

ቅዳሜ፣ ጥር 18

ወደ ቤት ጉዞ ጀመርን ተባለ። መንገዱ የመጣንበት መሆኑን ድልድዮቹን እያየሁ አረጋገጥኩ።

ጓድ ግርማ ከጎኔ መጥቶ ተቀመጠ። «ያቺ ሴት ከጓሮ ምን አለችሽ?»

«ስለ በርበሬ ዋጋ» አልኩት።

 ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። ቆየት ብሎ ጥርሱ መንገጫገጭ ጀመረ። በዚያ ሙቀት! ሸኽ ሰይድ ብርድ ልብሳቸውን አለበሱት፣ እኔም የእኔን ደረብኩለት። አሁንም ይንቀጠቀጣል። «ከባለፈው ጉዞ የያዘኝ ነው፣ እየተመላለሰብኝ ነው» አለ። ስንት ቡድን አመላልሷል? በጉዞው ሁሉ ስለ ንዳድ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ነቀምት ሐኪም ቤት አስገባነው። ስንለየው ቦርሳውን አምጡልኝ አለና መታወቂያዎቹን አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝ። «የያዝኩት እንዳትጠፉብኝ ነው። አንድ ሰው ቢጎድል የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ «ስብሰባው ላይ ምን ልትይ ነው?» አለኝ።

«ያየሁትን።»

«ያየሽውን ሁሉ?»

ዓይኑን ጨፈነ። ልመና ይሁን ማስፈራሪያ እስካሁን አልገባኝም።

ረቡዕ፣ ጥር 22

ትናንት በአስተርዮ ማርያም ገባን። ዛሬ ስብሰባው ተደረገ። ሜዳው በሰው ሞልቷል፤ ሰው ይባል እንጂ አጥንት ነው የተቀመጠው።

ከአውራጃ ሌላ ኃላፊ መጥቷል። ጠዋት በስሜ ጠርቶ ሻይ ጋበዘኝ፤ እንደ አክስቱ ልጅ አጫወተኝ። አልወደድኩትም።

ሸኽ ሰይድ ቀድመው ተናገሩ። አፈሩን፣ ዝናቡን፣ ጎተራውን። «የቀረውን የሺ ትንገራችሁ። የቤቱን ኑሮ ከእኛ ይልቅ እሷ ታውቃለች» ብለው ተቀመጡ።

ተነሳሁ።  በቆሎው እውነት መሆኑን ተናገርኩ። ዘሃራን ጠቀስኩ ማለት አይደለም፤ ስም አላነሳሁም። ንዳድ እንዳለ፣ ሕፃናት እንደሚሞቱ፣ የሚሄድ ሰው መድኃኒቱ ቀድሞ ይምጣልን ብሎ ይጠይቅ አልኩ።  ኃላፊው «ስምሽ ማን ነበር?» አለኝ።

ጠዋት ያውቀው ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 23

ደምሴ መጣ። ሚስቱ ጦቢያም ተከትላው መጣች። «ሂድ ወይም ቅር በይኝ ነበር ያልኩሽ» አለኝ። «አንቺ ሁለቱንም አልሽኝ። ምን ላድርገው?»

«ሁለቱንም አየሁ፣ ምን ላድርግ?»

«ገደልሽኝ እታለም» ብሎ ፊቱን አዞረ። እኔም ተናደድኩ። ዓይንሽን አምናለሁ ያለኝ ማን ነው? ጮኽኩበት። ጮኸብኝ። ከአባታችን ሞት ወዲህ እንዲህ ተጣልተን አናውቅም።

ጦቢያ በር ላይ ቆማ ነበር። «ትንንሾቹን ትይዥልኛለሽ?» አለችኝ።

በምን? ያለኝ የእርዳታ ስንዴ ነው፣ እሱም አንድ ሳምንት ይመጣል አንድ ሳምንት ይቀራል። ይህን ሁሉ ሳላስብ «እይዛለሁ» አልኩ።

ጦቢያ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

እሑድ፣ ጥር 26

ሄዱ። ደምሴ፣ ጦቢያና ትልቁ ልጅ። ደምሴ መኪናው ላይ እስኪወጣ ድረስ አላየኝም። ሞተሩ ሲነሳ ግን ከላይ ጎንበስ ብሎ ራሴን ሳመኝ። 

አበባና ስንታየሁ እኔ ጋ ናቸው። አበባ ገና ጡት መጣሏ ነው። ስንታየሁ መኪናው የሄደበትን አቧራ ሲያይ ዋለ።

ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ጥበቃ መጣ። ነገ ጠዋት ጽሕፈት ቤት ትፈለጊያለሽ አለኝ። ለምን? «እኔ ምን አውቄ» አለና ዓይኔን ሳያይ ሄደ። ጎረቤቶቼ ሰምተዋል፤ ቅድም ውሃ ልቀዳ ስወርድ ሁሉም ሥራ በዛበት።

ሸኽ ሰይድ ብቻ መጡ። እሳቸውም ተጠርተዋል። «አብሽሪ፣ አብረን ነው የምንሄደው» አሉ። ጥሩ ነው። ግን እሳቸውንስ ለምን ጠሯቸው?

ልጆቹን ለጎረቤት ሰጥቼ ልሂድ ብዬ አስቤ ነበር። ባልመለስስ? ይዣቸው እሄዳለሁ። አበባን አዝዬ፣ ስንታየሁን በእጄ። የሚጠይቁኝን ልጆቹ ፊት ይጠይቁኝ።

ንፍሮው በስሏል። ሁለቱም ድስቱን ከበው እኔን እኔን ያያሉ። ልነሳ።